ኤአይ "ክፍት ናቸው" ያላቸው ዶሜይኖች ተይዘው ተገኙ፤ በትክክል እንዴት ነው የሚፈለገው?

ቤዛ_ኮድ
ሰላም ለሁላችሁ። በግላቸው ለሚሠሩ ባለሙያዎች ኢንቮይስ የሚያዘጋጅ መተግበሪያ ጨርሻለሁ፤ የቀረው ስም ነው። አንድ ቻትቦት "50 የዶት ኮም ስሞች ስጠኝ፣ ያልተመዘገቡ ብቻ ይሁኑ" ብዬ ጠየቅኩት። በየስሙ ጎን "ክፍት ነው" ብሎ ጻፈልኝ፤ ዶሜይን የሚሸጠው መዝጋቢ ገጽ ላይ ሳስገባቸው ግን አብዛኞቹ ተይዘዋል። የተረፉት ለማንበብ እንኳ ያስቸግራሉ። ኤአዩ ስሙ ክፍት መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ አለ? ስሞቹስ ሁሉ በ"ፋይ" እና በ"ሊ" የሚያልቁት ለምንድን ነው?

ስም_አፍላቂ
እህቴ፣ "ክፍት ነው" ያለሽ የዶሜይን መዝገብ አይቶ አይደለም። የቋንቋ ሞዴል ከተማረው ጽሑፍ ተነሥቶ ቀጥሎ የሚመጣውን ይገምታል፤ ምዝገባ ደግሞ በየደቂቃው የሚለወጥ ነገር ነው። "ያልተመዘገቡ ብቻ" ስትዪው ከስሙ ጎን "ክፍት" የሚል ቃል እንደሚጠበቅበት ይረዳል፣ ይጽፈዋልም። ድር ላይ መፈለግ የሚችለው ቻትቦት እንኳ ብዙ ጊዜ የሚያየው ድረ ገጽ መኖር አለመኖሩን ነው። ተመዝግቦ ባዶውን የተቀመጠ ስም ደግሞ ስፍር ቁጥር የለውም። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ክፈዪው፤ ማፍለቁን ለኤአዩ፣ ማጣራቱን ለመዝገቡ።

በ"ፋይ" እና በ"ሊ" የሚያልቁት ጥያቄው ሰፊ ስለሆነ ነው። ሰፊ ጥያቄ በጣም የተለመደውን መልስ ያመጣል። ያንኑ ሞዴል ብዙ ሰው በተመሳሳይ ቃል ስለሚጠይቀው የሚያገኙትም ተመሳሳይ ነው፤ ጥሩ ጥሩዎቹ ቀድመው የሚያዙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

መፍትሔው መጀመሪያ ስም አለመጠየቅ ነው። ጥሬ ዕቃ ጠይቂ፦ "ከሒሳብ፣ ከወረቀት፣ ከማኅተም፣ ከመመዘን፣ ከክፍያ ቀን ጋር የተያያዙ 100 የዕቃና የድርጊት ቃላት ዘርዝር፤ የቆዩ የሙያ ቃላትም ይግቡ።" ከዚያ በእጅሽ እየሰረዝሽ ወደ 20 አውርጂው። ይህን ክፍል ለማሽኑ አትተዪለት፤ የስሙ ጣዕም የሚወሰነው እዚህ ነው። ቀጥሎ እነዚያን 20 ቃላት ሰጥተሽ 40፣ 40 ስም አስወጪው፦ ከ6 እስከ 10 ፊደል፣ ሁለት ወይም ሦስት ክፍለ ቃል፣ ሰረዝና ቁጥር የሌለው። የተከለከሉትን መጨረሻዎች በግልጽ ጻፊለት፦ ፋይ፣ ሊ፣ ሃብ፣ ኖቫ፣ ዜን። ከየዙሩ በኋላ የወደድሻቸውንና የጠላሻቸውን ጥቂት ስሞች ከነምክንያታቸው መልሺለት። "ይሄ ደስ አላለኝም" ከማለት "ሁለት ተነባቢ ተደራርቦ ምላስ ያደናቅፋል" ማለት በጣም ይረዳዋል።

ሁለት ቃል ማጣመርን፣ አንድ ነባር ቃል ከቦታው አውጥቶ መጠቀምን፣ ቃል ማሳጠርን ለየብቻ በአዲስ ውይይት ሞክሪ። በአንዱ ውይይት ውስጥ ሞዴሉ ቀድሞ ወደ ጻፋቸው ስሞች እየተመለሰ ይሽከረከራል። ደግሞ "በትክክል 7 ፊደል" ብትዪውም ይሳሳታል፤ ጽሑፉን የሚያየው በፊደል ሳይሆን ቶከን በሚባሉ ቁርጥራጮች ነው። ርዝመቱን በኤክሴል ቁጠሪ።

አርዳፕ_መንገድ
ማጣራቱን እኔ ልቀጥል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 28 ቀን 2025 ወዲህ እንደ ዶት ኮም ላሉ አጠቃላይ ቅጥያዎች የቀድሞውን ሁይዝ (የዶሜይን ምዝገባ መረጃ መጠየቂያ) የማቅረብ ግዴታ ቀርቷል፤ ቦታውን የያዘው አዲሱ መጠየቂያ አርዳፕ ነው። የዶት ኮም አስተዳዳሪ ቬሪሳይን የራሱ የአርዳፕ ሰርቨር አለው። ስሙን በአድራሻው መጨረሻ ጨምረሽ ትጠይቂዋለሽ፤ 200 ከመለሰ ተመዝግቧል፣ 404 ከመለሰ መዝገቡ ላይ የለም።

ስሞቹን በተራ የሚጠይቀውን የፓይተን ስክሪፕት ኤአዩ ይጽፍልሻል፤ አንድ መስመር ላይ ግን ዓይንሽን ጣዪ። ብዙ ጊዜ "200 ካልሆነ ክፍት ነው" ብሎ ይጽፈዋል። ጥያቄ ሲበዛበት ሰርቨሩ 429 ይመልሳል፣ ኢንተርኔት ሲቆራረጥም ሌላ ስሕተት ይመጣል፤ ስክሪፕቱ ያንን ሁሉ "ክፍት" ብሎ ይቆጥረዋል። ከዝርዝሩ መሀል ጀምሮ ድንገት ሁሉም ስም ክፍት ሆኖ ካየሽ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሪ። 200 የተያዘ፣ 404 እጩ፣ ሌላው ሁሉ "እንደገና ይጠየቅ" ይሁን። በየጥያቄው መሀል አንድ ሁለት ሰከንድ ቆም እንዲል አድርጊው።

እንደ አርዳፕ ዶት ኦርግ ያለ፣ ጥያቄሽን ወደሚመለከተው ሰርቨር የሚመራ አስተላላፊ የምትጠቀሚ ከሆነ 404 ሁለት ትርጉም አለው፤ ስሙ የለም ወይም ለዚያ ቅጥያ የታወቀ የአርዳፕ ሰርቨር የለም። የአገር ኮድ ቅጥያዎች አርዳፕ እንዲኖራቸው አይገደዱም፤ ስለዚህ ለእነሱ 404ን ብቻ አትመኚ።

ዲኤንኤስ (ስምን ወደ ሰርቨር አድራሻ የሚተረጉመው ሥርዓት) ፈጣን ስለሆነ ለመጀመሪያ ወንፊት ይሆናል። መልስ የሰጠው ዶት ኮም በእርግጥ የተያዘ ነው። ኤንኤክስዶሜይን ("እንዲህ ያለ ስም የለም") የመለሰው ግን ክፍት ነው ማለት አይደለም፤ ኔምሰርቨር (ስሙን ለዲኤንኤስ የሚያሳውቅ ሰርቨር) ያልተሰጠው ወይም የታገደ ስምም እንዲያው ይመልሳል። እሱን ወደ አርዳፕ አሳልፊው።

ቤዛ_ኮድ
እጅግ አመሰግናለሁ፣ 429ኙ ነገር በጣም ጠቅሞኛል። ሁለት ነገር ልጨምር። የምወደው ስም በዶት ኮም ተይዞ በዶት ኤአይ ክፍት ቢሆን ልውሰደው? አንዱ ደግሞ በዶት አፕ 404 ሰጥቶ ሳለ መዝጋቢው "ፕሪሚየም" ብሎ ብዙ እጥፍ ዋጋ ጠየቀኝ።

የመዝገብ_ሰው
404 ማለት አልተመዘገበም ማለት ብቻ ነው። የቅጥያው አስተዳዳሪ አንዳንድ ስሞችን አስቀርቶ ይይዛል፣ አንዳንዶቹን ደግሞ በከፍተኛ ዋጋ ይመድባል። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጥሽ የመዝጋቢው የክፍያ ገጽ ነው። እዚያ የመጀመሪያውን ዓመት ሳይሆን የእድሳቱን ዋጋ እዪ። አስተዳዳሪው ፕሪሚየም ያለው ስም ብዙ ጊዜ በየዓመቱ በዚያው ውድ ዋጋ ይታደሳል፤ ከግለሰብ የሚገዛ ስም ግን አንዴ ከተከፈለበት በኋላ በመደበኛው ዋጋ ይቀጥላል። ሁለቱ በአንድ ቃል ስለሚጠሩ ሰው ይደናገራል።

ዶት ኤአይ የአንጉዊላ የአገር ኮድ ሲሆን ትንሹ ምዝገባ 2 ዓመት ነው። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የዶት ኮሙ ባለቤት ነው። ያንቺ ሥራ ኢንቮይስ ነው። ደንበኛ ከልማድ የተነሣ ዶት ኮም ብሎ የላከው ኢሜይል፣ ስምና የሒሳብ ቁጥር ይዞ፣ የማታውቂው ሰው ዘንድ ይገባል። ዶት ኮሙ ባዶ ቢሆን እንኳ ኢሜይል ይቀበል ይሆናልና የኤምኤክስ ሬኮርድ (ኢሜይል የሚቀበለውን ሰርቨር የሚጠቁም የዲኤንኤስ መረጃ) እንዳለው ፈትሺ። ባለቤቱ በተቀራራቢ ሥራ ላይ ከሆነ ስሙን ተዪው።

ክፍት ያገኘሽው ስምም ቀድሞ የሌላ ሰው ሆኖ የተለቀቀ ሊሆን ይችላል። የድረ ገጾችን የቆየ ቅጂ በሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ላይ ቀድሞ ምን እንደነበረበት፣ አይፈለጌ ኢሜይል ላኪዎችን በሚመዘግበው ስፓምሃውስ ላይ በጥቁር መዝገብ ውስጥ መኖሩን እዪ። ያለዚያ ኢንቮይሶችሽ በቀጥታ ወደ ስፓም ሣጥን ይሄዳሉ። የንግድ ምልክቱን በዋይፖ (የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት) ዓለም አቀፍ የብራንድ መዝገብ ላይ፣ ሶፍትዌርንና የገንዘብ አገልግሎትን በሚሸፍኑት የንግድ ምልክት ክፍሎች 9፣ 36 እና 42 ፈልጊ። ቻትቦቱ "ተመሳሳይ ምልክት አላገኘሁም" ቢልሽ ያው እንደ "ክፍት ነው" ግምት ነው። ባለ ምልክቱ በዩዲአርፒ (የዶሜይን ክርክር መፍቻ) ሥርዓት ዶሜይኑን ሊያስወስድብሽ ይችላል።

ጆሮ_ይፍረድ
የቀረ ነገር ልጨምር፤ ኤአይ ከማፍለቅ ይልቅ በመፈተን ይበልጥ ይጠቅማል። የተረፉሽን ስሞች በጽሑፍ አንባቢ ድምፅ አስነብቢያቸው፣ ድምፁን ደግሞ ንግግርን ወደ ጽሑፍ ለሚቀይር መተግበሪያ ስጪው። "ክ"ን አንዴ በሲ፣ አንዴ በኬ የሚጽፍልሽ ከሆነ ደንበኛም እንዲሁ ይጽፈዋል። እነዚያን የተሳሳቱ አጻጻፎች በአርዳፕ ጠይቂያቸው፤ የሌላ ሰው ከሆኑ ደንበኛሽ ወደዚያ ይሄዳል።

ሁለተኛው ፈተና፦ ስለ መተግበሪያው ምንም ሳትነግሪው በአዲስ ውይይት ስሙን ያለ ክፍተት፣ በትንንሽ ፊደል ጻፊና "ይህን ስንት ዓይነት አድርጎ መክፈልና ማንበብ ይቻላል?" ብለሽ ጠይቂ። የተጣመሩ ቃላት ሲጋጠሙ ያላሰብሽው ቃል መሀል ላይ ይወለዳል። በዚያው ላይ ተጠቃሚ ልታገኚባቸው የምታስቢባቸውን ቋንቋዎች ዘርዝረሽ ስድብ ወይም ነውር የሚሆንበት እንዳለ አስፈልጊው፤ "አዎ" ካለሽ ግን ቋንቋውን የሚናገር ሰው ጠይቂ እንጂ በእሱ ቃል ብቻ ስም አትጣዪ።