በሊዝበን የ1755ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ አሻራ የሚታየው የት ነው?

ጥያቄ
የፖርቱጋልን ዋና ከተማ ሊዝበንን ለሁለት ቀናት የመጎብኘት ዕድል አግኝቻለሁ። ካርታውን ስመለከት ባይሻ የሚባለው የወንዝ ዳር ሰፈር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል፤ ጎረቤቱ አልፋማ ግን መግቢያና መውጫው የማይለይ የጠባብ መንገዶች ጥልፍልፍ ነው። ለዚህ ልዩነት ምክንያቱ የመሬት መንቀጥቀጡ ነው ይባላልና ታሪኩን የምታውቁ ብታስረዱኝ፣ የትኞቹን ቦታዎች ማስቀደም እንዳለብኝም ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1
የሰሙት ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1755 የቅዱሳን ሁሉ በዓል ስለነበር ምእመናን በየቤተ ክርስቲያኑ ተሰብስበው ሳለ ምድር ተናወጠች፤ ጥቂት ቆይቶም ማዕበል በታጉስ ወንዝ በኩል ገብቶ ዳርቻውን አጥለቀለቀው፣ ከዚህ የተረፈውንም ለቀናት የነደደ እሳት በላው። ኋላ ማርኪስ ፖምባል የተባሉት ሚኒስትር ባይሻን እንደነበረ ከመጠገን ይልቅ ፍርስራሹን አስጠርገው በቀጥተኛና ሰፋፊ መንገዶች እንደ አዲስ አሠሩት። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ከውጭ የማይታየው ነገር ነው፦ በሕንፃዎቹ ግድግዳ ውስጥ ምድር ስትናወጥ አብሮ እንዲወዛወዝ ታስቦ በመስቀለኛ የተጋጠመ የእንጨት ማዋቀሪያ አለ። ጥንካሬውን ለመፈተንም ወታደሮች በናሙናው ዙሪያ መሬቱን እየረገጡ እንዲሰለፉ ተደርጎ ነበር ይባላል። አልፋማ በአንጻሩ ብዙም ስላልፈረሰ የጥንት መልኩን እንደያዘ ቀርቷል።

መልስ 2
አሻራውን በዓይንዎ ለማየት ከሆነ ከካርሞ ገዳም የሚበልጥ የለም። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ በዚያው ዕለት ተደርምሶ መልሶ ስላልተከደነ የጎቲክ ቅስቶቹ ዛሬም በባዶ ሰማይ ሥር ቆመዋል። ከጥፋቱ በፊት የነበረችውን ከተማ ደግሞ በብሔራዊ የሸክላ ንጣፍ ሙዚየም ያገኟታል፤ እዚያ ያለው 23 ሜትር ያህል የሚረዝም ሰማያዊና ነጭ ሥዕል የወንዙን ዳርቻ ከነቤተ መንግሥቱ ያሳያል። ባለ 28 ቁጥሩ ትራም እጅግ ስለሚጨናነቅ አልፋማን በእግር ቢያዩት ይሻላል፤ ዳገቱ ግን ጉልበት ይፈትናል።

መልስ 3
ከላይ የተባለው ሁሉ መልካም ነው፤ ሆኖም ቤሌም የሚባለውን የሊዝበን ሰፈር መዝለል አይገባም። የዤሮኒሞስ ገዳም በንጉሥ ማኑኤል ቀዳማዊ ዘመን በባሕር ንግድ ቀረጥ የተሠራ ሲሆን፣ የቫስኮ ዳ ጋማ መቃብርም በውስጡ ይገኛል። በድንጋዩ ላይ የመርከብ ገመድ ሳይቀር ተቀርጿል። ከጥያቄዎ ጋር የሚያገናኘውም አለ፦ ንጉሥ ዦዜ ቀዳማዊና ቤተሰባቸው በአደጋው ዕለት ቤሌም ስለነበሩ ተርፈዋል፤ ንጉሡ ግን ከዚያ ወዲህ በድንጋይ ሕንፃ ውስጥ ማደርን ፈርተው አጁዳ ኮረብታ ላይ በድንኳንና በእንጨት ቤት ኖረዋል። ገዳሙ ሰኞ ዝግ ስለሆነ ቀንዎን ሲያወጡ ይህን ያስቡበት።