ቀኑና ወሩ ተገላብጦብኝ ከእናቴ ጋር ተኳረፍኩ

የጸሐፊዋ ልጅ፦
እናቴ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ናት። መዋጮ የምትመዘግብበት ትንሽ ፕሮግራም በፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው) ሠራሁላት። ደብተሯ ላይ መጀመሪያ ቀን፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ዓመት ነው። እኔ ክፍያውን የሚመዘግበውን ፋንክሽን (በስሙ ሲጠራ ሥራውን የሚሠራ የኮድ ክፍል) ዓመት፣ ወር፣ ቀን አድርጌ ጻፍኩት፤ የፓይተን የራሱ ቀን መያዣ፣ ዴት፣ እንደዚያ ስለሆነ። ከዚያ ረሳሁትና አንድ ቦታ እንዲህ ጠራሁት፦

መዝግብ(2016, 4, 7)

አንዲት የዕድሩ አባል የከፈሉት መጋቢት 4 ነው። ፕሮግራሙ ታኅሣሥ 7 ብሎ መዘገበና የመጋቢትን ውዝፍ አደረገባቸው። እናቴ ሰው ፊት ጠየቀቻቸው። ደረሰኝ አወጡ። የቀረውን ተዉት። የገረመኝ አንድም ኤረር አለመውጣቱ ነው። ምን ይሻለኛል?

ኮከቡ፦
ኤረርማ ከየት ይምጣ? ሦስቱም ቁጥር ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ወር እስከ 13 ስለሚሄድ፣ ከ14 በፊት ያለ ቀን ሁሉ ወር መስሎ ያልፍሃል። ስትጠራው ስም ስጠው፦

መዝግብ(ቀን=4, ወር=7, ዓመት=2016)

ስም ካለው ቅደም ተከተሉ ምንም አይደል፤ እንደ ደብተሩ ጻፈው። ግን ነገም ትረሳለህ። ስለዚህ ፋንክሽኑን የምትሠራበት መስመር ላይ ከፓራሜትሮቹ (ቁጥሮቹን ከሚቀበሉት ስሞች) ፊት ኮከብ አስገባ፦

መዝግብ(*, ዓመት, ወር, ቀን)

ከዚያ ወዲያ ስም ሳይሰጥ የጠራ ሁሉ ታይፕ ኤረር ይቀምሳል።

ጃቫ ያደከመው፦
ቀናሁባችሁ። ይህን በስም መስጠት ሲ ሻርፕ የሚባለው ቋንቋ እንኳ ከ2010 ጀምሮ አለው፣ ፒኤችፒም በ2020 አገኘው (በፈረንጆቹ ነው፣ እንዳትገለብጡት)። እኛ ጃቫዎቹ እስካሁን ኮማ እንቆጥራለን።

ኮከቡ፦
አንድ ነገር ረሳሁ። ከእንግዲህ የፓራሜትር ስም እንዳሻህ አትቀይርም። «ቀን» ያልከውን «ዕለት» ብትለው፣ በስም የጠራህበት ቦታ ሁሉ ይሰበራል።

የጸሐፊዋ ልጅ፦
ኮከቡን አስገብቼ እያረምኩ ደጋግሜ ሳሮጠው በጠቅላላው ስድስት ቦታ ጮኸ። ከስድስቱ ሁለቱ የተገለበጡ ነበሩ! አንዱ ግን ስም ሰጥቼውም እምቢ አለ። ግማሽ ሰዓት አፈጠጥኩበት። ለካ ላይ «ዓመት»፣ ታች «አመት» ብዬ ኖሯል። ለእኛ ድምፁ አንድ ነው፤ ለፓይተን ሁለት የማይተዋወቁ ስሞች ናቸው። እናቴ በትከሻዬ በኩል አየችና «ድሮስ በዐይኑ ዐ አይደል እንዴ የሚጻፈው?» አለችኝ። ከተኳረፍን ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።