ክርክር፦ ከኦፕራሲዮን በኋላ ሕመሙን ሐኪም ይጠይቅ ወይስ ያመመው ይናገር?

አስታማሚው (ደብረ ማርቆስ)፦ ጥያቄውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። እናቴ የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ተደርጋ ተኝታለች። ጠዋት ሐኪሞቹ ከነተማሪዎቻቸው መጥተው «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» አሏት። «ተመስገን፣ ደኅና ነኝ» አለች። «ደኅና ናት» ተብሎ ተጻፈ። ጀርባቸውን ሲያዞሩ ነጠላዋን ነክሳ ታቃስታለች። በዚያ ወረቀት ከተቆጠረማ ጎጃም ውስጥ የሚያመው ሰው የለም!

የቢቸናው፦ ሆድ ተቀዶ እንዴት አያምም? አባቶቻችን ያለ ማደንዘዣ ጥይት አስወጥተው ዝም ብለዋል። የባሰበት ደግሞ አፍ አለው፣ ይናገር።

ሲስተር (ፍኖተ ሰላም)፦ ዝምታው ነው እኮ የሚጎዳው። ሆዱን የተቀደደ ሰው ካመመው አይስልም፣ በደንብ አይተነፍስም፤ አክታው ሳንባው ላይ ቀርቶ የሳንባ ምች ይከተላል። ካልተነሣም እግሩ ላይ ደም ይረጋል። በአገራችን ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በመጀመሪያው ቀን ከግማሽ በላይ ታካሚ መካከለኛ ወይም ከባድ ሕመም አለበት። ጥፋቱ የኛም ነው፣ አልሸሽም። ትእዛዙ ላይ «ፒአርኤን» ይባላል፤ ሲያመው ይሰጠው ማለት ነው። ካልተናገረ አያገኝም። ሌሊት ክፍሉ ሞልቶ ሁለት ነርስ ሆነን ማን ማንን ይጠይቃል?

ፋርማሲስቱ (ባሕር ዳር)፦ እኔ የምፈራው ሌላ ነው። አሜሪካኖች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሕመም እንደ ሙቀትና ደም ግፊት «አምስተኛው ምልክት» ሆኖ ይለካ አሉ። ሞርፊን መሰል መድኃኒት ያለ ልክ እንዲታዘዝ ገፋፍቷል ተብሎ በ2016 እ.ኤ.አ. የሐኪሞቻቸው ማኅበር «አምስተኛው ምልክት» መባሉ እንዲቀር ወሰነ። ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ሱስ የሆነባቸው ልጆች እኔም አውቃለሁ።

ሲስተር፦ የዓመታት ሕመምና የሦስት ቀን ቁስል አይምታታ። ጨጓራና ኩላሊቱ ደኅና ለሆነ ሰው ፓራሲታሞልና ዲክሎፌናክ በሰዓቱ፣ ቁስሉ ጠርዝ ላይ የሚወጋ ማደንዘዣ፤ እነዚህ ሱስ አያስይዙም። ሞርፊኑ ለባሰበት ይቆያል።

የቢቸናው፦ እሺ፣ ይጠየቅ። ግን «ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?» ቢሉት የኔ አባት ምን ይመልሳል? ሕመም በቁና ይሰፈራል እንዴ?

አስታማሚው፦ እኔ ማታ በጣት ጠየቅኋት። «ምንም ከሌለ ጨብጪ፣ አልችልም ካልሽ አሥሩንም ዘርጊ» አልኋት። ተኝታ ሳለች ሦስት ዘረጋች። ሽንት ቤት ልትሄድ ቀና ስትል ደግሜ ጠየቅኋት፤ ስምንት።

ሲስተር፦ ሲያስሉና ሲነሡ ይጠየቁ የምንለው ለዚህ ነው።

የቢቸናው፦ አባቴ ለቡአ ኦፕራሲዮን ተቀጥሯል። በጣት እጠይቀዋለሁ። ጨብጦ «ተመስገን» እንደሚለኝ ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ።