የሕክምና መዝገቤ ጠፍቶ የጉዳት ጡረታ ተከለከልኩ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የቀድሞ ወታደር ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። በ1991 ዓ.ም. ጾረና ግንባር ቀኝ ጉልበቴን የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ መታኝ። ፍንጣሪው አልወጣም። ራጁ ላይ ከጉልበቴ ሎሚ ሥር ነጭ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የጉዳት ጡረታ ጠይቄ ውድቅ ተደረገብኝ። የሕክምና ቦርዱ ጉዳቱን አረጋግጧል። በግዳጅ ላይ ለመድረሱ ግን ማስረጃ የለም ተባልኩ። ለቀድሞ ክፍሌ ጻፍኩ፤ የሜዳ ሆስፒታሉ መዝገብ አልተገኘም አሉኝ። በቃሬዛ የወጣ ሰው ካርዴን ስጡኝ ይላል እንዴ? ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

በእጄ ያለው የስንብት ወረቀት፣ የቦርዱ ውጤትና ራጁ ነው። ከሜዳ ያነሱኝ ሁለት ጓዶቼም አሉ፤ ቃላችንን እንሰጣለን ብለዋል። አንዱ ሐዋሳ ነው ያለው።

አሁን ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ላመለክት ነው። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ መዝገቡ ሲጠፋ ጉባኤው የጓዶችን የምስክርነት ቃል በማስረጃነት ይቀበላል ወይ?