የጥንታዊ ኮመዲኖ ዕድሜ፦ የእጅ ሥራውን ልመን ወይስ ብሎኑን?

ዕድሜውን ለመገመት የምሞክረው ባለ አራት መሳቢያ ኮመዲኖ እርስ በርሱ የሚጋጭ ማስረጃ ይዟል። የመሳቢያዎቹ ማዕዘኖች የተጋጠሙት ስፋታቸው በማይመሳሰል፣ በእጅ በተቆረጡ ጥርሶች ሲሆን፣ አናጺው ልክ ያሰመረበት ጭረት እስከ አሁን በግልጽ ይታያል፤ የመሳቢያው ወለልም ከሥሩ ሲዳሰስ የእጅ መላጊያ የተወው ስስ ሞገድ አለው፤ ይህም በጣም ያረጀ እንደሆነ እንዳምን አድርጎኝ ነበር። ይሁን እንጂ ቁልፉን የያዙት ብሎኖች ጫፋቸው ሹል ነው፤ እንዲህ ያለው ብሎን ደግሞ በፋብሪካ በብዛት መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። በኋላ የተተኩ እንደሆነ ለማረጋገጥ ፈትቼ ብመለከትም፣ የተደፈነም ሆነ የተረሳ ሌላ ቀዳዳ አላገኘሁም። በእጅ የሚቆረጥ የማጋጠሚያ ጥርስ፣ ጥርስ የሚቆርጥ ማሽን ከመጣ በኋላም በአነስተኛ የአናጺ ቤቶች መሠራቱ ስለቀጠለ በእርሱ ብቻ መወሰን አልቻልኩም። ቁልፉ ራሱ ከብሎኖቹ ጋር በኋላ የተገጠመ መሆን አለመሆኑን ከእንጨቱ ላይ በምን ምልክት መለየት እችላለሁ?