ኮከቡ ነጥብ ሆኖ ሳለ የፕላኔቷ ምህዋር ማዘንበሉ በምን ይታወቃል?

የላስታ መምህር (ላሊበላ)፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ላሊበላ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ጠዋት ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና ስትጋረድ አጠገቤ ቆሞ ያየ የጎረቤት ልጅ ዛሬ ተማሪዬ ነው። ሰሞኑን ስለ ትራንዚት ሳስረዳ፣ ፕላኔት በኮከቧ ፊት ስታልፍ ብርሃኑ ይቀንሳል አልኩ። እጁን አወጣና፣ «ጨረቃ በየት ገብታ በየት እንደወጣች በዓይናችን አይተናል። ኮከብ ግን ነጥብ ነው፤ ከቀኝም ትምጣ ከግራ የሚቀንሰው ብርሃን እኩል ነው። አቅጣጫዋን በምን አወቁ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ሰኞ እነግርሃለሁ ብዬዋለሁ፤ የብርሃኑን ግራፍ ይዤ ሦስት ምሽት አሰብኩ፣ መውጫ አጣሁ። እባካችሁ።

ከጦሳ ሥር (ደሴ)፦
አብሽር ቲቸር። ግራፉን ተወውና ወደ ቀለሙ ሂድ፤ ዶፕለር ነው፣ ብርሃን ሰጪው ሲቀርብ ወይም ሲሸሽ የብርሃኑ ቀለም መቀየሩ።

ኮከብ ቆጣሪዋ (ኮምቦልቻ)፦
ልክ ነው፣ ላብራራው። ኮከቡ በዛቢያው ስለሚሽከረከር ግማሽ ፊቱ ወደ እኛ ይቀርባል፣ ብርሃኑም ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ግማሹ ይሸሻል፣ ወደ ቀይ ያደላል። ፕላኔቷ የሚቀርበውን ግማሽ ስትጋርድ ኮከቡ ለጊዜው የሚሸሽ ይመስላል፤ ወደ ሌላው ስትሻገር የሚቀርብ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ምህዋሯ ከኮከቡ ወገብ ጋር ገጥሟል። አንዱን ግማሽ ብቻ ከነካች አዘንብሏል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ወደ ኋላ፣ ከኮከቡ ሽክርክሪት በተቃራኒ ነው የምትዞረው፤ ዋስፕ-17ቢ የምትባለው ፕላኔት እንዲህ ናት። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ሮሲተርና ማክላፍሊን እ.ኤ.አ. በ1924 በጥንድ ኮከቦች ላይ ያሳዩት ነው፤ በ2000 ደግሞ በፕላኔት፣ በኤችዲ 209458ቢ፣ ተለካ።

ለልጁ ይህን ጨምርለት። ጨረቃ ፀሐይን መጋረድ የምትጀምረው ከፀሐይ ምዕራብ ጠርዝ ነው፤ ያ ጠርዝ ደግሞ በሰከንድ 2 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸሸው ነው። የምድርን እንቅስቃሴ አስልተን ካወጣን፣ ያን ጠዋት ፀሐይ መጀመሪያ የምትቀርብ ትመስል ነበር፤ ልክ ወደ ኋላ የምትዞር ፕላኔት እንደጋረደቻት።

የላስታ መምህር፦
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ! ያን ጠዋት ቆሜ ያየሁት ይህን ሁሉ ይዞ ነበር ለካ። የኮከቡ ዋልታ ወደ እኛ ዞሮ ቢሆንስ?

ኮከብ ቆጣሪዋ፦
ያኔ የሚቀርብም የሚሸሽም ግማሽ አይኖርም፣ ዘዴው አይሠራም። በሌላ ጊዜም የሚለካው ከእኛ አቅጣጫ የሚታየው ማዘንበል ብቻ ነው። ሙሉውን ለማግኘት ኮከቡ በስንት ቀን በራሱ ዛቢያ እንደሚዞር በፊቱ ላይ ካሉት ጥቁር ነጠብጣቦች መለየት ያስፈልጋል።

የላስታ መምህር፦
ገባኝ። የባለቤቴን ሰፌድ ግማሹን ሰማያዊ፣ ግማሹን ቀይ ወረቀት ለጥፌበታለሁ። ሳንቲሙን በፊቱ የሚያሳልፈው ራሱ ልጁ ነው።