ጥቆማ፦ የድሮ የኤሌክትሪክ ማከሚያ ማሽን ጅማ ላይ የት ይጠገናል?

ሰላም የጅማ ልጆች። ሰሞኑን አንዲት እህታችን ከአያቷ የወረሰችውን በእጅ የሚዞር የኤሌክትሪክ ማከሚያ (ድሮ ሰውን በከረንት እየነዘሩ ለማከም የሚጠቀሙበት ማሽን) ጅማ ላይ ማን ይጠግንልኛል ብላ ጠይቃ ነበር፣ መልሱ ሁሉ "መርካቶ ራዲዮ ቤት ውሰጂው" ስለሆነ ነው ይሄን ማስረዘሜ። እኔም ድሬሰር ከነበሩት አያቴ የቀረ አንድ አለኝ፣ እዚሁ ከተማ ነው ያሠራሁት፣ አሁን ሲዞር ይነዝራል። እህቴ እባክሽ ማንም ጋ ከመውሰድሽ በፊት ነገርየው እንዴት እንደሚሠራ ይግባሽ፣ ማን ጋ መሄድ እንዳለብሽ የሚነግርሽ እሱ ነው።

ሳጥኑን ስትከፍቺ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ትልቅ ማግኔት ታያለሽ። ጫፎቹ ፊት ለፊት ብረት ላይ የተጠቀለሉ ሁለት የመዳብ ሽቦ ቦቢናዎች አሉ፣ ማዞሪያውን ስታዞሪ በመዘውርና በገመድ እነሱ በፍጥነት ይሽከረከራሉ። ባትሪ የለ፣ ሶኬት የለ። ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ማግኔትና ሽቦ አንዱ ባንዱ አጠገብ ሲንቀሳቀስ ከረንት እንደሚፈጠር አሳየ፣ በዓመቱ ፓሪስ ላይ ፒክሲ የሚባል መሣሪያ ሠሪ በእጅ የሚዞር ጀነሬተር ሠራ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ አሪ ዴቪስ በ1854 ለዚሁ ለማከሚያው ፓተንት አወጣ፣ ክዳኑ ውስጥ ለነርቭ በሽታ የሚል የእንግሊዝኛ መመሪያ የተለጠፈበት የእንጨት ሳጥን ከሆነ የዚያ ዘር ነው። ወረቀቱን ደግሞ እንዳትነኪው፣ በውሃ እንዳይጠረግ፣ ማሽኑ ማን እንደሆነ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ቦቢናዎቹ ብቻቸውን የሚያወጡት ቮልት ትንሽ ነው፣ ሰው እጅ ላይ ብዙም አይሰማም። የሚነዝረው አክሱ (ቦቢናዎቹ የሚዞሩበት ዘንግ) ላይ ያለችው ትንሽ ቆራጭ ናት፣ ቀጭን የናስ ሞላ አክሱን እየነካች እየለቀቀች ከረንቱን ታገናኛለች ትቆርጣለች፣ ከረንቱ ድንገት ሲቆረጥ ቦቢናው ውስጥ የተጠራቀመው የማግኔት ኃይል ባንዴ ይፈርስና ቮልቱ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይዘላል፣ ያ ዝላይ ነው በሁለቱ የናስ መያዣዎች በኩል እጅ ላይ የሚደርሰው። የድሮ ቮልስ ላይ የሠራ ሰው ይሄን ሲሰማ ገና ሳይጨረስ ይገባዋል፣ ፑንቲናና (የሞተሩ ከረንት ቆራጭ) ካንዴላ የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነዋ!

ስለዚ የኔ የመጀመሪያ ጥቆማ ራዲዮ ቤት አይደለም፣ በዕድሜ ገፋ ያለ፣ ፑንቲና ያስተካክል የነበረ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፈልጊ። ጋራዦቹን ጠይቂ፣ አሁንም አሉ። እኔ ያገኘኋቸው አባባ ማሽኑን ቀስ አድርገው እያዞሩ ሞላዋን ብቻ ነበር የሚያዩት፣ ከዛ "ሌላውን አትንካው ልጄ፣ ይቺ ቆሽሻ ነው" አሉኝ። ብርጭቆ ወረቀት አላስነኳትም። ወፍራም ንጹህ ወረቀት በአልኮል ነክረው በሞላዋና በአክሱ መሀል ሳብ አደረጉት፣ ወረቀቱ ጥቁርና አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፣ ጥቁሩ እስኪያልቅ ደጋገሙት፣ ከዛ የሞላዋን ጫና በጥፍራቸው እየለኩ ትንሽ ጎበጥ አደረጓት። በቃ። ካዞሩት በኋላ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ጥርት ያለ ድምፅ መጣ፣ ጨለም ባለ ቦታ ደግሞ ሞላዋ ሥር ሰማያዊ ፍንጣሪ ይታያል።

ሁለተኛ የምጠቁመው ሞተር ጠቅላዮችን ነው፣ ግን በጥንቃቄ። ሽቦ ያውቃሉ፣ ጥሩ ቴስተር አላቸው፣ ቦቢናው ተቆርጦ ከሆነ ወዲያው ይነግሩሻል። ችግሩ ሥራቸው መጠቅለል ስለሆነ "ፈትቼ ባዲስ ልጠቅልልልሽ" ይሉሻል፣ እምቢ በይ። የድሮው ሽቦ በሐር ወይ በጥጥ ክር የተሸፈነ ነው፣ አንዴ ከተፈታ አይመለስም። ደግሞ ቴስተሩ ተቆርጧል ካለ ብዙ ጊዜ የተቆረጠው ውስጡ ሳይሆን ጫፉ ነው፣ ሽቦው ከቦቢናው ወጥቶ አክሱ ጋ የሚያያዝበት ሥሩ ላይ አረንጓዴ ዝገት በልቶት። እሱን ፍቆ በሊድ መበየድ ነው። እዚህ ጋ አደራ፣ ራዲያተር የሚበየድበትን አሲድ እንዳይቀቡት፣ ቀስ እያለ ሽቦውን ይጨርሰዋል፣ ለሬዲዮ ሥራ የሚሸጠውን ሮዚን ያለውን ሊድ ገዝተሽ ራስሽ ይዘሽ ሂጂ። ቦቢናው እርጥበት ከሳበ ደግሞ (ጅማ ዝናብ መቼ ያጣል) ክረምቱ ካለፈ በኋላ ቀኑን ጥላ ውስጥ ሞቅ ያለ ቦታ ይቀመጥ እንጂ ምድጃ ላይ አይሞቅ፣ ሙቀት ማግኔቱንም ይጎዳል።

ማግኔቱን ካነሳን አይቀር፣ የድሮ ብረት ማግኔት በመዶሻና በመውደቅ ኃይሉን ያጣል። ከፍተሽ ካወጣሽው ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኝ ብረት ጣል አድርጊበት። ከጫፎቹ አጠገብ የሚንሸራተት ብረት ካለ እሱ ማስተካከያው ነው፣ ወደ ማግኔቱ ሲጠጋ ኃይሉን በራሱ በኩል ያሳልፍና ቦቢናው ጋ የሚደርሰው ይቀንሳል፣ ሲርቅ ይጠነክራል። አንድ ራዲዮ ቤት ይሄን ብረት "ትርፍ ነው" ብሎ ነቅሎ ሊጥለው ነበር፣ ማዞሪያውንም አንስቶ የ12 ቮልት ሞተር ልግጠምለት አለኝ። ወስጄው ወጣሁ። ስም አልጠራም፣ ልጁ ቲቪ ላይ ጎበዝ ነው፣ ግን ይሄ የሱ ዕቃ አይደለም።

ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀርጹት ጋ) የሚያስፈልግሽ አክሱ ከላላ ብቻ ነው፣ ከሁሉም ውድ እሱ ነው። አክሱን እንዳያስነኩት፣ የሚቀመጥበትን የናስ ቀለበት ብቻ አዲስ ይቁረጡልሽ። ለገመዱ ግን ምንም አትቸገሪ፣ የእግር ሲንጀር የቆዳ ቺንጋ ቀጭኑ ልኩ ነው፣ ሐሙስ ገበያ የስፌት ማሽን ዕቃ የሚሸጡት ጋ አለ። ዘይቱም የስፌት ማሽን ዘይት ነው፣ ጠብታ ብቻ፣ ግራሶ አይሆንም ምክንያቱም ወደ ሞላዋ ከሄደ ንክኪውን ይዘጋል።

ወርቅ ሠሪዎች ናሱን ባንዴ ያበሩልሻል፣ እኔ ግን አልመክርም፣ በአሲድና በመፋቂያ ነው የሚሠሩት፣ ናሱ ላይ የነበረው ስስ ቫርኒሽና የተቀረጸ ጽሑፍ ካለ አብሮ ይሄዳል። ሎሚና ጨውም ያው ነው። ነጭ ጋዝ በነካ የጥጥ ጨርቅ ብቻ።

ሳጥኑ ላይ ጅማ ያለሽ መሆንሽ ዕድል ነው፣ የእንጨት እጅ እዚህ አለ። የተሰበረ ጠርዝ ካለ ከዋንዛ አቅልሞ ልክክ አድርጎ የሚያስገባ አናጢ መንደር ውስጥ አታጪም። ሲረከብሽ ሁለት ነገር አስምዪው፣ ገላውን ብርጭቆ ወረቀት አይነካውም፣ አዲስ ቫርኒሽ አይቀባም። ቀለሙ ደብዝዞ ከሆነ ከሥር በኩል የማይታይ ቦታ ላይ አልኮል በጥጥ ነካ አድርጊ፣ ከለሰለሰ ሼላክ (በአልኮል የሚሟሟ የድሮ ቫርኒሽ) ነው፣ እሱ በራሱ በአልኮል ታሽቶ ይመለሳል። አሮጌ ዕቃ ሳይታደስ እንዴት እንደሚያምር ማየት የሚፈልግ የጅማ ሙዚየም ገብቶ የአባ ጅፋርን ዕቃዎች ይይ።

ይፈውሳል ወይ ላላችሁኝ፣ ጡንቻ ያኮማትራል፣ ይሄ እውነት ነው፣ ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጡንቻዎችን አንድ በአንድ ያጠናው በከረንት ነው። የጥርስ ሕመም፣ የነርቭ በሽታ፣ ሽባነት ያድናል ተብሎ የተሸጠው ግን ማስታወቂያ ነበር። ዛሬ ፊዚዮቴራፒ ላይ ለሕመም የሚለጠፈው ቴንስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከመጣ የሕመም ጥናት በኋላ የተሠራ፣ መጠኑ የሚለካ ሌላ መሣሪያ ነው። አያቴ ሰው ላይ ተጠቅመውበት ይሆናል፣ እኔ ግን ማንንም አላስይዝም፣ በሁለት እጅ ሲያዝ ከረንቱ በደረት በኩል ነው የሚያልፈው፣ የልብ ችግር ያለበት፣ ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ) የተገጠመለት፣ ነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይንኩት። ምን ያህል ቮልት እንደሚዘል ለማየት ቂጦ ፉርዲሳ (የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ግቢ) ኤሌክትሪካል ወይ ባዮሜዲካል የሚማር ልጅ ካላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ተራ ቴስተር ያንን ዝላይ አይዝም፣ ኦሲሎስኮፕ (ቮልትን በሥዕል የሚያሳይ መሣሪያ) ላይ ግን ቮልቱን በሚቀንስ ፕሮብ ጥርት ብሎ ይታያል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ሶኬት ላይ የሚሰካና የመስታወት ቱቦ ያለው ዓይነት ከሆነ ያላችሁ ከላይ ያልኩት አይሠራም። እሱ ውስጡ የቴስላ ቦቢና ያለው ነው፣ ቱቦው ውስጥ የቀረው ስስ አየር ነው ሐምራዊ የሚያበራው። የአሜሪካኑ ለ110 ቮልት የተሠራ ስለሆነ የኛ 220 ላይ ከተሰካ ይቃጠላል፣ የጨርቅ ገመዱም በስብሶ ይሆናል። ቱቦው ከተሰነጠቀ ደግሞ አየሩን መጦ መልሶ የሚዘጋ ሰው ጅማ ላይ አላየሁም። እንዲህ ዓይነቱ ቤቱ ያለ ካለ ሳይሰካ ከታች በኩል ያለውን የስም ሰሌዳ ፎቶ አንስቶ እዚሁ ይለጥፍ፣ አይተን እንነጋገራለን።